መጨረሻው ልብ ያሳርፋል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ መጣ፤ ሩፋኤል ግን አልመጣም።

አደይ ኣብርሄት በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነገር ከሻሂ ቤታቸው ባንኮኒ ሥር አውጥተው ሰገን ፊት አስቀመጡት። ጋዜጣው በቀጭን ሽቦ ታስሯል፤ የሽቦው ጫፍ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በመላው አስመራ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰገን ገና ሳትፈታው አወቀችው።

«ጧት ሰጥቶኝ ሄደ» አሉ አደይ ኣብርሄት። «ግባ፣ ሻሂ ጠጣ ብለው እምቢ አለ። ፊቱን አልወደድኩለትም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኣይኮነን። ምንም አልተጣላንም።»

ሽቦውን ፈታች። ባለፈው ቅዳሜ በገዛ እጇ ያዋሰችው ልቦለድ ነው፣ «የአመድ ሙሽራ»። ጽፋለት የነበረችው ብጣሽ ወረቀት በመጨረሻው ገጽ ላይ ተቀምጧል። ከጽሕፈቷ ሥር እሱ በደቃቅ ፊደሉ ሦስት መስመር ጨምሮበታል፦

«መጨረሻውን አነበብኩት። መልእክትሽ ገብቶኛል። ነገ ሽማግሌዎቹ አይመጡም።»

ሦስቴ አነበበችው። አንድም ጊዜ አልገባትም።

ነገ እሑድ ነበር። የሩፋኤል አጎት ኣቦይ ገረዝጊሄር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው እናቷ ቤት ሊመጡ፣ ሰገንን ለሩፋኤል ሊጠይቁ ቀጠሮ ተይዟል። ሰገን በምትሠራበት ፋርማሲ ሳምንቱን ሙሉ የሳል ሽሮፕና የሆድ ቁርጠት ክኒን እያምታታች የሰነበተችው በዚሁ ደስታ ነው።

ነጻነት ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። በዓኽርያ ፌርማታ አጠገብ ባለችው በዚህች ሻሂ ቤት አራት ሰዎች በየቅዳሜው እየተሰበሰቡ የያዙትን መጽሐፍ ያወራሉ፣ አንዱ ለሌላው ይመክራል። ከተማው ሠላሳ ዓመት እውነተኛ ጦርነት ስላየ ነው መሰል፣ እነሱ የሚወዱት የዘንዶ ጦርነት ነው፤ ከባሕር ሥር ያለ ከተማ፣ የሚናገር ዋርካ፣ ጥላዋን የሸጠች ንግሥት። ሃያ ዓመት አማርኛ ያስተማሩት፣ ትምህርት ቤቶች ቋንቋ ሲቀይሩ መዝገብ ቤት የተቀመጡት መምህር ሃብተሚካኤል አሉ። ፊደል የማይለዩት፣ ነገር ግን ሰምተው አንዲት ቃል የማይረሱት የቤቲቱ ባለቤት አደይ ኣብርሄት አሉ። ሰገን አለች። ሩፋኤልም አለ፣ መደበር በሚባለው የእጅ ሠራተኞች ገበያ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ውሎ ሌሊቱን ዓባ ሻውል ባለች አንዲት ክፍሉ ሲያነብ የሚያድረው።

ሁለት ሕግ አላቸው። ስለ መጽሐፍ ሲወራ መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋ ይወራል፤ ይህን ያወጡት መምህር ናቸው፣ ለምን እንደሆነም ማንም አልጠየቃቸውም። ሁለተኛው ደግሞ የመጽሐፍ መጨረሻ አይነገርም። የተናገረ ለሁሉም ሻሂ ይጋብዛል።

«ሰገን፣ ዛሬ ምን ይዘሻል?» አሉ መምህር መነጽራቸውን እየወለወሉ። «እኔ ‹የጨው ንግሥት›ን ጀምሬያለሁ። ንግሥቲቱ ካለቀሰች የምትሟሟ ናት። ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ባሏ ሞተባት፤ እንዴት እንደምትወጣው እኔ እንጃ!»

«ምስኪን!» አሉ አደይ ኣብርሄት ከልባቸው።

ሰገን ለመሳቅ ሞከረች። ምላሷ ጫፍ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፦ መምህር፣ «የአመድ ሙሽራ» መጨረሻው ምንድን ነው? ግን እንዴት ብላ ትጠይቅ? ባለፈው ቅዳሜ እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጣ «መጨረሻው ልብ ያሳርፋል» ብላ ያወደሰችው እሷው ናት። መጨረሻውን ደግሞ አላነበበችውም።

አንባቢ ሆይ፣ ለመፍረድ አትቸኩል። ያልጨረሰውን መጽሐፍ ጨርሻለሁ ብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ያን ቀን ሩፋኤል ፌርማታው ላይ «በሚመጣው እሑድ አጎቴ ይመጣሉ» ሲላት እግሯ መሬት አልነካም። አንድ ነገር ልትሰጠው ፈለገች፣ የራሷ የሆነ፣ ወዲያውኑ። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ግማሹን ያነበበችው መጽሐፍ ነበር። በዚያ ግማሽ ውስጥ አንድ ቀጥቃጭ ለሚወዳት ልጅ ዝናብ የሚጠራ ደወል ይሠራላታል፤ ደወሉ በተመታ ቁጥር በእሷ ማሳ ላይ ብቻ ያካፋል። ሰገን እሱን ስታነብ የታያት የሩፋኤል ጣት ነው። ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ማንነቱ ያልታወቀ አንባቢ በእርሳስ «መጨረሻው ልብ ያሳርፋል» ብሎ ጽፏል። እሷም ያንኑ ገልብጣ በብጣሽ ወረቀት ላይ «ካነበብኩት ሁሉ አስበልጬ የምመክርህ ይህን ነው፤ በተለይ መጨረሻው ልብ ያሳርፋል» ብላ ጻፈችለትና ሳታነበው ከመጨረሻው ገጽ ላይ ሸጎጠችው። አንድ መስመር እንኳ ዘሎ በማያውቅ ሰው ፊት ግማሽ አንባቢ ሆና መታየት አልፈለገችም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ?

ሻሂዋን ሳትጨርስ ተነሣች። መምህር ዓይናቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው «ሩፋኤል ወደደው?» አሏት። መጽሐፉን አንሥታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ለተሰንበት ለእንግዶቹ ብለው ሐሙስ የሰቀሉትን ነጩን መጋረጃ አውርደው ያጥፋሉ። ታላቅ ወንድሟ ተወልደ ከደጃፉ ተቀምጦ የቆሰለ እግሩን ፀሐይ ያሞቃል።

«ለምን አወረድሽው?»

«ሰባት ቤት መጠየቅ ወግ ነው፤ አስጠየቅሁ» አሉ እናቷ፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እየተጫኑ። «ትላንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነገሩኝ። አባቱ ጠዓመ፣ የአባቱ አባት፣ ከዚያም በላይ ሁሉም ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። የዛሬውን ቆርቆሮ አይደለም የምልሽ። ዘራቸውን ነው። ቡዳ ናቸው፣ ጓለይ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። ነገ ሲመጡ ምን ብዬ እንደምመልሳቸው እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«አይመጡም» አለች ሰገን። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «እሱ ራሱ ትቶታል።»

«ተመስገን! እንግዲያስ አስተዋይ ነው።»

ሰገን ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ በረሓ ስትታገል የቀጥቃጭ ልጅ፣ የባላባት ልጅ ሳንል ከአንድ ሳሕን በላን አላልክም? እዚህች ደረጃ ላይ ተቀምጠህ አልነገርከኝም?»

«በልቻለሁ።»

«ታዲያ ንገራታ!»

ተወልደ እግሩን ሰበሰበ። ብዙ ነገር የማይፈራ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኑን ከእህቱ አሸሸ። «በረሓ እናት አልነበረችንም» አለ። «እዚህ አለች።»

ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አሁን አንድ ነገር ወለል ብሎ ታያት። ዓመት ሙሉ አደይ ኣብርሄት ቤት ሲቀመጡ፣ እሷ ባኒዋን ቆርሳ ወደ አፏ ስታደርስ ሩፋኤል ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አንድም ቀን ስትበላ አይቷት አያውቅም። ሰገን ጨዋነት መስሏት ነበር፤ እንዲያውም የወደደችው በዚያ ነው። ለካ ሰውየው ዓይኑን የሚሰበስበው ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ከፊቱ ምግብ ሲሸፍን እያየ አድጎ ነው።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሐሳብ እናቷም አላመጡትም፣ ወንድሟም አላመጣውም። ከራሷ ነው የመጣው። በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ ቅዳሜ ከሻሂ ቤት ስትመለስ ሆዷን ቆርጧት አድሮ ነበር። ያን ቀን አይቶኝ ይሆን? አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ጮክ ብላ የተናገረች ይመስል። ፋርማሲ ውስጥ ቆማ የአሜባ መድኃኒት የምትሸጥ ሴት! ካነበበችው ዘንዶ ሁሉ አንዱም እንደዚህ አላስፈራትም፤ ይኸኛው በገዛ ልቧ ውስጥ ነው ያለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ «የአመድ ሙሽራ»ን ካቆመችበት ጀመረች። ከደወሉ በኋላ ቀጥቃጩ ጅብ ይሆናል። ከብት ያልቃል፣ ሕፃን ይታመማል። ሕዝቡ ችቦ ይይዛል። በመጨረሻው ምዕራፍ በገዛ ወናፉ እሳት አንድደው ከነቤቱ ያቃጥሉታል። ያች ደወል የተሠራላት ልጅ ደግሞ ከአመዱ ዘግና እጇን ትታጠብበታለች፤ ሽታው እንዲለቃት። ከዚያ ትስቃለች፤ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል።

ከዚያ ገጽ ላይ የገዛ ጽሕፈቷ ነበር፦ በተለይ መጨረሻው ልብ ያሳርፋል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከብዕር የወጣውማ ምን ይባላል? ሰገን መጽሐፉን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አደረገችውና እስኪጨልም ድረስ አለቀሰች።

እሑድ ማንም አልመጣም። እናቷ ደስ ብሏቸው ዋሉ፣ ቤቱ ግን የኀዘን ቤት ይመስል ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከፎርኖ ሁለት ትኩስ ባኒ ገዛች፤ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ ወደ መደበር ወረደች። መደበር በምሳ ሰዓት እንኳ ዝም አይልም። በአንድ በኩል የበርበሬው ወፍጮ መንገደኛውን ያስነጥሳል፣ በሌላው በኩል በርሜል ይቀደዳል፣ የጭነት ማኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል። ሩፋኤል የዘይት ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ፈርኔሎ ይሠራል፣ ሴቶች ከሰል የሚያነዱበትን። አያት፤ መዶሻውን ግን አላቆመም።

«ምሳ ሰዓት ነው» አለችው።

«ሥራ አለኝ።»

«አላነበብኩትም፣ ሩፋኤል።»

«ምኑን?»

«መጨረሻውን። ደወሉን ሲሠራላት፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ እዚያ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ገጽ አልገለጥኩም። ‹ልብ ያሳርፋል› ያልኩት ከሽፋኑ ላይ ገልብጬ ነው። ያነበብኩ እንዲመስልህ።»

መዶሻው ቆመ። «አንቺ? መስመር ዘለሉ ብለሽ መምህርን የምታፋጥጪው?»

«እወ። እኔ።»

ሩፋኤል ላቡን በክንዱ ጠረገ። ሲናገር ወደ ቆርቆሮው እያየ ነው። «እኔ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ቀጥቃጩ ጅብ ሲሆን፣ ተረት ነው አልኩ። ስንት ዘንዶ አንብበናል፣ ዘንዶ ተቀይሞን አያውቅም። ሰዎቹ ችቦ ሲይዙ፣ አሁን ትደርስለታለች አልኩ። እሳቱን ሲለኩሱ፣ በሚቀጥለው ገጽ አልኩ። እስከ መጨረሻዋ መስመር ድረስ ትደርስለታለች እያልኩ ነው ያነበብኩት፣ ሰገን። ከዚያ ገለጥኩና ያንቺን ጽሕፈት አገኘሁ።»

«እኔ እንደዚያች ሴት እመስልሃለሁ?»

«ዘሬን ሰምተሽ በጨዋ ደንብ የነገርሽኝ መሰለኝ። ሽማግሌ ፊት ከሚያሳፍሩኝ፣ በመጽሐፍ ነገረችኝ ብዬ... አመስግኜሽም ነበር።»

ማመስገኑ ከስድብ ይልቅ አመማት። የመጽሐፉን ሽፋን ገልጣ ወደ እሱ ዘረጋችው። ከእርሳሱ ጽሕፈት ሥር በጥቁር ቀለም፣ ጉልህ አድርጋ ጽፋለች፦

«ይህን መጽሐፍ ሳልጨርሰው ለምወደው ሰው መከርኩት። መጨረሻው ልብ አያሳርፍም። ልቡን ያሳረፈው ካለ ልቡን ይመርምር። ሰገን ዘርዓይ።»

እጁ በጥላሸት ተበክሎ ስለነበር ሳይነካው አጎንብሶ አነበበ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ፤ ያን ቀን ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ዘገየ።

«ከነአባትሽ ስም ጻፍሽው» አለ። «ይሄ መጽሐፍ እኮ ከተማውን ይዞራል።»

«ይዙር።»

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በጃኺ እንዳትዋሺኝ። ስለ ዘሬ የሰማሽ ጊዜ ፈራሽ?»

አልፈራሁም ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አንድ ቃል ነው። ግን አንድ ውሸት ከዚህ እንዳደረሳት ታውቃለች።

«ሆዴን የቆረጠኝ ቀን ትዝ አለኝ» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ። አሰብኩት።»

ሩፋኤል ራሱን ነቀነቀ። የሚያውቀውን መርዶ እንደገና የሰማ ሰው ነው የሚመስለው። መዶሻውን አነሣ። «የቐንየለይ» አለ። «እውነቱን ስለነገርሽኝ። አሁን ሂጂ፣ ሰገን። ፋርማሲው ይከፈታል።»

አልሄደችም። እንዲያውም ተቆጣች። «አንተስ? ዓመት ሙሉ ፊትህን ወደ መስኮት ስታዞር እኔ ጨዋ ነው እያልኩ ወደድኩህ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ነገርከኝ? የዘንዶውን ሁሉ ነገርከኝ፣ የዋርካውን ነገርከኝ፣ የራስህን ደበቅክ!»

«ምን ብዬ ልጀምርልሽ?» አለ፤ ድምፁም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ጅብ አይደለሁም ብዬ ልጀምር? ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ምሳቸውን በደብተር ይሸፍኑብኝ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ብቻ አይሸፍንም ነበር። እናቱ ሰምታ ትምህርት ቤት ቀየረችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበላ አላይም። አለማየት ይቀላል። ካንቺ ጋር ግን... ልቤ ዕለት ዕለት እይ እይ ይለኝ ነበር።»

ጎረቤት ያለው በርሜል ቀጥቃጭ ሥራውን አቁሞ ይሰማል። ሰገን ግድ አልሰጣትም። የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠች፣ መጽሐፉን ከጎኗ አደረገች፣ ባኒውን ከወረቀቱ አወጣች። አልሸፈነችውም። ቆረሰችው።

ሩፋኤል ገና ስትቆርስ ፊቱን አዞረ። ልማድ ነው።

«ወደዚህ ዙር» አለችው።

«ሰው ያያል።»

«አንተ እየኝ ነው የምልህ።»

አልዞረም። ትከሻው ብቻ ይታያታል፤ መዶሻውን የያዘበት ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

«ሽማግሌዎቹን በሚመጣው እሑድ ላካቸው» አለች። «እናቴ እምቢ ትላለች፤ መጋረጃውን እንኳ አውርዳዋለች። ወንድሜም አያግዘኝም። ይምጡና እምቢ ይባሉ፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና ይምጡ። እኔ ከዚያ ቤት እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ እወደዋለሁ እላለሁ። አሁን ግን ዙር። እኔ መጨረሻ ሳላነብ ነው ያጠፋሁት፤ አንተ ደግሞ መጀመሪያውን እንኳ ሳታይ ልትዘጋኝ ነው።»

ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ እግሯን፣ ከዚያ እጇን፣ በመጨረሻ ፊቷን አየ። ዓይኑ ቀይ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ እሱ ነው የሚያውቀው። ሰገን ቁራሹን ወደ አፏ አደረሰች፤ ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ነገር አዩ። ባኒው ይንቀጠቀጣል።

«እጅሽ» አለ በዝግታ።

«አየሁት።»

«ፈርተሻል።»

«እወ» አለች ሰገን፣ አፏ እንደሞላ፤ እንባዋም ከባኒው ጋር እየተቀላቀለ። «ፈርቻለሁ። ግን እየበላሁ ነው። ዓይንህን እንዳታነሣብኝ!»

ሩፋኤል ከቤቱ ውጭ ሰው ሲበላ እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ባኒው እስኪያልቅ ድረስ አየ።